ላሟን የጣላት የአጥንት ዱቄት

ላሟን የጣላት እኔ ያበላኋት አጥንት ነው። ይህን አምኜ ለመቀበል ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ድንጋጤው ግን በዚህ ዕድሜዬም አልለቀቀኝም።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረኝም፤ ከዕቃ ሣጥኖች ጽሑፍና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለብቻዬ ለቀምኩት። በሰፈራችን ሕዋስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ውሸት አይሆንም። የተማሩ ሰዎችም መጥተው ጠይቀውኛል፤ ባዶ እጁን የመለስኩት የለም።

ዕውቀቴን ያገኘሁት ከአንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ነው። ገበያው አጠገብ ያለ ባለሱቅ ስኳርና በርበሬ ሊጠቀልልበት ከፊትም ከኋላም ይገነጥለው ነበር። አንድ ክምር ጋዜጣ ሰጥቼ የተረፈውን ወሰድኩ። ስለ ነርቭ የሚናገረው ክፍል ሳይነካ ቆይቶልኛል፤ ክረምቱን ሙሉ ቃል በቃል ስፈታው ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነርቭ ጫፍ ውስጥ መልእክት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ካልሲየም ከውጭ ሲገባ ከረጢቶቹ ግድግዳው ላይ ይገጥሙና የያዙትን ያፈሳሉ፤ ጡንቻው የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ነገር ግን ሁሉም ከረጢት በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። አብዛኛው ወደ ኋላ በፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል። ካልሲየሙ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ኢንዛይሙ ፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ከረጢቱን ይለቀዋል። ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲነቅለው ደግሞ እስሩ ይመለሳል። ለሰፈሩ ሰው በጋሪ ፈረስ አስረዳሁት። "እግሩ የታሰረ ፈረስ ጅራፍ ቢሰማ የት ይሄዳል? ፎስፌት ማለት ገመዱን የሚፈታው ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስሜ "ጋሼ ካልሲየም" ሆኖ ቀረ። ለማሾፍ ነው ያወጡልኝ፤ እኔ ግን ኮራሁበት።

ጎረቤቴ ከአርሲ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የቀበሌያችን የወተት ማኅበር አንዲት የፈረንጅ ዝርያ ያላት ላም በፊርማ አስረክቧታል። ላሟ ብትሞት የምትጠየቀው እሷ ናት። በዚያ ዘመን የማኅበር ንብረት ከጠፋ "አሻጥር" የሚለው ቃል ከቀበሌው ሊቀመንበር አፍ ለመውጣት ብዙ አይቆይም፤ አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ላሟ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ሴትየዋ መጣች።

"ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ላም በወለደች ማግስት ትወድቃለች ይላሉ። ምን ይሻለኛል?"

"ካልሲየሙ በወተት ሲሄድባት ነው። አስቀድመሽ ሙዪላት" አልኳት።

ከየሉካንዳው አጥንት ሰብስቤ አቃጠልኩ፣ ወቀጥኩ፣ በየቀኑ ሁለት እፍኝ ከፉርሽካው ጋር እንድትቀላቅልላት አዘዝኩ።

ላሟ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሰላም ወለደች። እኩለ ቀን ላይ ሴትየዋ አጥሬ ጋ ቆማ፣ "አልነሳም ብላለች" አለችኝ።

በረቱ ስደርስ ላሟ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አፍንጫዋ ደርቋል፣ ሆዷ ድምፅ የለውም። እጄን ዓይኗ ፊት ባመላልስም አልተከተለችውም። የማየው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ደሟ ውስጥ ካልሲየም የለም፣ ነርቮቿ መልእክታቸውን ማፍሰስ አቁመዋል። ሁለት ወር ሙሉ ካልሲየም ስትቅም የኖረች ላም!

"ዱቄቱ ያነሳት ይሆን ጋሼ? ልጨምርላት?" አለች ሴትየዋ።

"በአፏ ምንም እንዳታስገቢ፣ መዋጥ አትችልም፣ ታንቂያታለሽ" አልኳት። ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም ለክትባት ወለንጪቲ እንደሰነበተ ሰምቼ ነበርና በጭነት መኪና ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ሐኪሙ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ምልክቶቹን ስነግረው ሌላ ሳይጠይቅ መኪናውን አስነሳ።

ስንደርስ ሊቀመንበሩ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በረቱ ውስጥ ቆሟል። ሐኪሙ የአንገቷን ደም ሥር ወግቶ ጠርሙሱን አንጠለጠለ፤ በሌላ እጁ በያዘው ማዳመጫ ልቧን ያዳምጣል።

"ምንድን ነው የሚሰጧት?" አልኩት።

"ካልሲየም።"

የባሰ ደነገጥኩ። "ታዲያ ትንሽ አያፈጥኑትም?"

"ከፈጠነ ልቧ ይቆማል።"

ጠርሙሱ ሳያልቅ ጎኗ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አገሳች። እበት ጣለች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ላም በኋላ እግሮቿ ተነሥታ ቆመች። ሴትየዋ "ያ ረቢ" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አወጣ። "መንስኤው ይጻፍ። የማይሆን ነገር ያበላት ሰው ካለም ይታወቅ።"

ሐኪሙ ወደ ሴትየዋ ዞረ። "ከመውለዷ በፊት ምን ትበላ ነበር?"

"ፉርሽካና ፋጉሎ" አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

አጥንቱን ዘለለችው። ልትታሰር የምትችለው እሷ ሆና ሳለ እኔን ሸሸገችኝ። ይህ ከላሟ መውደቅ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

"አጥንትም በልታለች" አልኩ። "ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር።"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "አንገቷ ውስጥ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ሆርሞናቸው ከራሷ አጥንት ካልሲየም ያወጣል። እርስዎ ሁለት ወር ሲያጠግቧት ዕጢዎቹ ሥራ ፈቱ። ዛሬ ወተቱ በአንድ ጊዜ ሲጎትተው የሚደርስላት አልነበረም።"

"ካልሲየም እኮ ሕዋስ የያዘውን እንዲያፈስ ነው የሚያደርገው።"

"አብዛኛውን አዎ። ይኸኛውን ግን ይዘጋዋል። መጽሐፍ ላይ አለ።"

"የእኔ ላይ የለም።"

"ምን ሆነ?"

"ስኳር ተጠቅልሎበታል።"

ሐኪሙ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "እና አሻጥር ነው?" አለ እኔን እያየ።

"ጓድ፣ ይህን ስሕተት ዲግሪ ያላቸውም ይሠሩታል። የምጽፈው የወሊድ በሽታ ብዬ ነው" አለ ሐኪሙና ጻፈ፤ ወረቀቱንም ለሊቀመንበሩ አቀበለው። ዲግሪ ያላቸውም ይሠሩታል፤ ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰዎቹ ሲወጡ ሴትየዋ የዱቄቱን ቆርቆሮ አሳየችኝ። "ጋሼ፣ የተረፈውን ምን ላድርገው?"

ከወለደች በኋላ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ፤ ወተቱ በየቀኑ ይወስድባታል። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ላሟን አየሁ፣ ሴትየዋን አየሁ፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ቆዪ" አልኳትና የሐኪሙን መኪና አስቁሜ ልጠይቀው ወደ መንገዱ ሮጥኩ።