ፎርጅድ ነው ያልኩት የቤዝ ክር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሱቁ የገባው የመጀመሪያ ደንበኛ አየኝና "ባለሙያው የለም ወይ?" አለ። ካቻቢቴ ይዤ የተፈታ ቴፕ ፊት ተቀምጫለሁ። "አለች" አልኩት። ሰውየው ግን ሬዲዮውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በሩ ላይ ቆሞ አያ ሙሄን ጠበቀ።

አያ ሙሄ አሠሪዬ ናቸው። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። እኔ ደሴ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ መመለሴ ነበር። "ዘሃራ ትባላለች። እሷ ያልሠራችውን እኔም አልሠራውም" አሉት። ሰውየው ሳይወድ በግድ ሬዲዮውን ሰጠኝ። ባትሪው የሚነካበት ቦታ ዝጎ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መለስኩለት። ምስጋናውን ግን ለአያ ሙሄ ሰጥቶ ሄደ።

በሱቃችን ሥራው የተከፈለ ነበር። ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር የእሳቸው፣ ሬዲዮና ቻርጀር የኔ። ቤዝ ጊታር የማንም አልነበረም፤ መጥቶም አያውቅም።

መጀመሪያ ያመጣው መምህር በላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል። ጊታሩን አሮጌ ገዝቶ ራሱን በራሱ እያስተማረ ነበር። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካው ይንጫጫል፣ ይቋረጣል። አያ ሙሄ ገለባብጠው አዩትና "ጊታር አላውቅም። ግን ሽቦ አለው። ሽቦ ያለው ሁሉ የዘሃራ ነው" አሉ። ስከፍተው መሰኪያው ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተነቅላለች። የብየዳ ካውያውን አግዬ በሊድ ያዝኳት። መምህሩ ወፍራሙን ክር ሲነካው መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ተንቀጠቀጠ፤ የባጃጅ ሹፌሮቹም ምን መጣ ብለው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዝ የኔ ሆነ።

ወሬው ተሰማና ከውጫሌ አንድ ፋርማሲስት፣ ከዚሁ ከሐይቅ አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንድ ዓሣ አስጋሪ ጊታራቸውን ተሸክመው ይመጡ ጀመር። አንዳቸውም እንጀራቸው ሙዚቃ አይደለም፤ ከሥራ መልስ ለራሳቸው የሚጫወቱ ናቸው። እኔም ተጫዋች አይደለሁም። ግን የተበላሸ ክር ሳይ የማን እጅ እንዳበላሸው አውቃለሁ።

መምህር በላይ ለምሳሌ ክሩን እምቢ ያለ በሬ የሚጎትት ይመስል ነበር። "መምህር፣ የሚጮኸው አምፕሊፋየሩ ነው፤ አንተ ዳሰስ ብቻ አድርገው" ብለው አልሰማኝም። የጣቱ ቆዳ ሲላጥ ሰማኝ። አመልካችና መሃል ጣቱን እያፈራረቀ፣ በጥፍሩ ሳይሆን በሥጋው መንካት ጀመረ። ክሩም ከጊታሩ አንገት ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ ጋር መላተሙን ተወ።

ሌላው የከተማችን የክር በሽታ ዓሣ ነው። ሐይቅ ተቀምጦ ዓሣ ጥብስ የማይበላ የለም። በልቶ እጁን በሶፍት ጠረግ አድርጎ ጊታር ያነሳል። ዘይቱ በክሩ ጥምጥም ውስጥ ይገባና በሳምንቱ ድምፁ ይታፈናል። አዲስ ክር ደግሞ እኛ ጋ አይሸጥም። ስለዚህ አሮጌውን ፈትቼ፣ በሳሙና ውሃ ቀቅዬ፣ አድርቄ እመልሰው ነበር። እናቴ አንድ ቀን ድስቱን ከፍታ ሽቦ ሲንተከተክ አየችና "ይቺን ወጥ የሚበላ ባል ከየት ልናገኝልሽ ነው?" አለችኝ።

የመምህሩ ጓደኛ ኑርዬ ይባላል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ክራር ይጫወታል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱ በመምህሩ ግቢ ይለማመዳሉ። ኑርዬ የአምባሰል ልጅ ስለሆነ የአምባሰል ቅኝት ሲዛባ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። "አንተ ቤዝ ነህ" ይለዋል መምህሩን፤ "እኔ ሳወራ አታውራ። ስጨርስ 'እህ' በለኝ፣ በቃ።" ከዚህ የተሻለ የቤዝ ትምህርት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የኑርዬ ታናሽ እህት ልትዳር ቀን ተቆረጠ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሊጫወቱ ነው። ኑርዬ ለዚሁ ብሎ ከአዲስ አበባ እሽጉ ያልተከፈተ፣ አራቱም የተሟላ አዲስ የቤዝ ክር ገዝቶ ለመምህሩ አመጣለት። ስጦታ ነው። መምህሩ ራሱ ሊገጥመው ፈራና ሐሙስ ጠዋት ለኔ አስረክቦ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ሄደ።

ልብ በሉ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አዲስ ክር ነክቼ አላውቅም። ፈትቼ የምመልሰው ሁሉ ቀድሞ የተቆረጠና ጫፉ የታጠፈ ነበር። አዲሱ ግን ረጅም ነው። አሮጌውን አጠገቡ ዘርግቼ ለካሁና ወፍራሙን በፒንሳ ቀጭ አደረግኩት። መቃኛው ላይ ጠመጠምኩት፣ ወጠርኩት፣ ነካሁት። ሞቷል። ርጥብ ጆንያ የመቱ ያህል ብቻ ነው የተሰማው።

የቆረጥኩትን ትራፊ አነሳሁ። የቤዝ ክር ውስጡ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው፤ ላዩ ላይ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በጣቴ ሳዞረው የላዩ ከውስጡ ለብቻው ዞረ። ጥምጥሙን የሚይዘው ነገር ሳይኖር ስለቆረጥኩት ላልቷል፤ መላላቱም በክሩ ሁሉ ሄዷል። ሦስቱን ቀሪ ክሮች መጀመሪያ ጫፋቸውን መቃኛው ላይ አጥፌ፣ ከዚያ ቆረጥኩ። ሦስቱም ዘፈኑ። ጥፋቴን በደንብ አውቄው ነበር ማለት ነው።

በቀትር መምህሩ መጣ። ወፍራሙን ነካውና "ይኼ ምን ሆነ?" አለኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ፎርጅድ ነው" አልኩት።

በኛ ሙያ ይህቺ ቃል ስንቱን አድናለች። ምን ነካኝ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ከደሴ እስከ ወልድያ ካውያ የያዘች ሴት ያኔ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ዕቃ ካበላሸሁ "ድሮስ ሴት!" እንደሚባል አውቃለሁ። መምህሩ ዋሽቼው ስለማላውቅ አንገቱን ነቅንቆ ጊታሩን ይዞ ሄደ።

አያ ሙሄ ከጥግ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። "ወላሂ በይ እስቲ" አሉኝ።

ትራፊዋን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት።

"እንግዲያው አይተሽው የማታውቂው የአዲስ አበባ ነጋዴ ሐቅ አንቺ ላይ አለ። የራሱን አላህ ይምራል። የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይለቅም።" ሌላ አልጨመሩም፤ ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ መምህሩ ዓሣ ቤት ኑርዬን አገኘውና ሰው በተሰበሰበበት "ለእህትህ ሠርግ ፎርጅድ ታመጣልኛለህ?" አለው። ለቀልድ ነው ያለው። ሰው ሳቀ፤ ኑርዬን ግን ሆድ ባሰው። ያንን ክር ስንት ሱቅ ዞሮ፣ መኪናውን የማይቆምበት አቁሞ ነው ያገኘው። እሑድ ልምምድ አልመጣም። ለሙሽራው ቤተሰቦችም "ቴፕ ክፈቱ፣ እኛ አንጫወትም" ብሎ ላከባቸው።

ማክሰኞ ኑርዬ ራሱ የክሩን ባዶ እሽግ ይዞ ሱቃችን መጣ።

"ዘሃራ፣ ነገ አዲስ አበባ እገባለሁ። ፎርጅድነቱ በምን እንደሚታወቅ አሳዪኝ፤ ያንን ነጋዴ ሰው ፊት ነው የማዋርደው።"

አንጀቴን በላው። በዚያ ላይ እኔ ባጠፋሁት ሌላ ሰው ሊዋረድ ነው። መሳቢያዬን ከፍቼ ትራፊዋን አወጣሁና እጁ ላይ አኖርኳት። "አዙራት" አልኩት። አዞራት። "ነጋዴው ምንም አላደረገም። ክሩ ደህና ነበር። አላግባብ ቆርጬ የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ትራፊዋን ደግሞ አዞራት። "እና ለምን ፎርጅድ ነው አልሽ?"

"ፈርቼ።"

"መምህሩ እኔን የሰደበኝ ዓሣ ቤት ነው። እዚያው ሄደሽ ትነግሪዋለሽ" አለኝ። ይኼን አልጠበቅኩም ነበር። አያ ሙሄ ቀና ብለው "አብሽሪ፤ ሱቁን እጠብቃለሁ" አሉ።

ኑርዬን አስከትዬ ሄድኩ። መምህር በላይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እየበላ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ቆሜ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ "መምህር፣ ኑርዬ ያመጣልህ ክር እውነተኛ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁህም እኔ ነኝ" አልኩት።

ከበሩ አጠገብ አንዱ "ድሮስ ሴት ምን ታውቃለች!" አለ። ያ የፈራሁት ነገር በቃ ይኸው ነበር። ፊቴ ነደደ እንጂ መሬት አልዋጠችኝም።

መምህሩ ሰውየውን ዞሮ አላየውም። ተነሳና ኑርዬን "አፉ በለኝ" አለው፤ እጁንም ሊጨብጠው ዘረጋ።

ኑርዬ እጁን አየው። ዘይት ብቻ ነው። "አፉ ብያለሁ። መጀመሪያ ግን ታጠብ፤ በዚህ እጅህ ነው ክሩን የምትጨርሰው" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ዕንባዬም መጣ።

ለሠርጉ አሮጌውን ወፍራም ክር ቀቅዬ ከሦስቱ አዲሶች ጋር ገጠምኩት። ዳሱ ውስጥ አምባሰል ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡ። መምህሩ ሁለት ቦታ ተሳስቷል፤ ከኑርዬ በቀር ያወቀበት የለም።

ኑርዬ ከሚቀጥለው የአዲስ አበባ ጉዞው ሲመለስ አንድ ወፍራም ክር ብቻ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ለመምህሩ ስጠው እንጂ" አልኩት።

"መምህሩ መግጠም አያውቅም። የምታውቂው አንቺ ነሽ" ብሎኝ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ለእናንተ ጥገና አዲስ ለጀመራችሁት የምነግራችሁ ይኼው ነው። አዲስ የቤዝ ክር መጀመሪያ ጫፉ ይታጠፋል፤ ከዚያ ይቆረጣል። ያበላሸ ደግሞ በዚያው ቀን ይናገራል። እኔ አምስት ቀን ዘግይቻለሁ።