የኦሞራቴ ዝውውር

በደርግ ጊዜ የጂንካ ሬዲዮ መገናኛ ኃላፊ ነበርኩ። ሠራተኞቼ ሁለት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መልእክት በሞርስ ሲመቱ የኖሩት ጋሽ በላቸውና በድምፅ ሬዲዮ የሠለጠነችው ወጣቷ ማርታ።

«ይሄ ወሬ እንጂ ሥራ አይደለም» ይላሉ እሳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቃል እስኪመቱ እኔ ተናግሬ እጨርሳለሁ» ትላለች እሷ።

በየቀኑ ጭቅጭቅ! ሰለቸኝና «ጋሽ በላቸው ወደ ኦሞራቴ በረሃ ይዛወሩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንድትልከው ለማርታ ሰጠኋት።

«እሺ፣ ጓድ ኃላፊ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወንበሬ ላይ ሸለብ አደረገኝ። የሞርሱ ምት ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ከቢሮአችን ፊት ካለው የአየር ማረፊያ ሣር ማዶ የሚመጣ መሰለኝ። በእንቅልፍ ልቤ የምትመታው ማርታ ነበረች፤ ጋሽ በላቸው ከኋላዋ ቆመው «ቀስ ልጄ፣ ቀስ» ይሏታል። እንዴት ደስ የሚል ሕልም ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ በላቸው የመጣውን መልስ በእርሳስ ጽፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ወደ ኦሞራቴ ልዛወር ሲሉ ያቀረቡት ማመልከቻ ተፈቅዶልዎታል» ይላል።