ቀስ በቀስ እና መንታዎቹ

ፀጉር ቆራጩን ሰፈሩ በሙሉ «ቀስ በቀስ» ነው የሚለው። ሌላው አምስት ራስ በሚጨርስበት ሰዓት እሱ ሁለት ቢጨርስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛው እያማረረ ይመለስለታል፤ እሱ የቆረጠው ራስ ያምራላ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት የሰባት ዓመት መንታ ልጆቿን ይዛ ገባች። «ሁለቱንም አንድ ዓይነት» አለችው። ቀስ በቀስ በወንበሩ መደገፊያዎች ላይ ጣውላ አጋድሞ ታላቁን አስቀመጠና ቆረጠው። ተራው የታናሹ ሲሆን ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ የሱን እያዩ ይቁረጡኝ። እኔ ኮፒው ነኝ» አለ።

ቀስ በቀስ ቶንዶሱን አጠፋ። «ማነው ያለህ?»

«ክፍል ውስጥ ሁሉም። እሱ በአሥር ደቂቃ ይቀድመኛል።»

ቀስ በቀስ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። «ስማ የኔ ጌታ፣ እኔ ለእናቴ ዘጠነኛ ልጅ ነኝ። ለምሳ ስትጠራኝ ስምንቱንም ጠርታ፣ አንዳንዴ ውሻውንም ጨምራ ነው እኔ ላይ የምትደርሰው። ስትጸልይ ግን ስሜን አንድም ቀን ስታው አታውቅም። ‹እሱ ዘንድ ማንም ከማንም አይምታታም› ትለኝ ነበር።»

ከግድግዳው ሌላ መስታወት አውርዶ ከልጁ ኋላ ያዘ። «አናትህን እይ። የወንድምህ ፀጉር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ያንተ ሁለት ቦታ።»

«ለካ ለዚህ ነው ፀጉሩ አልተኛ እያለ ሲያስቸግረኝ የኖረው» አለች እናትየው ብድግ ብላ።

«እግዜር ኮፒ ቢፈልግ ኖሮ ይኼን ሁሉ ምን አደከመው? አንተን እንደ አዲስ ነው የሠራህ፤ ወዶህ» አለ ቀስ በቀስ።

ልጁ አሰበ። «ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ዘጠኝ ወር። ሰዉ ደግሞ እኔን ቀርፋፋ ይላል።»

ወረፋ ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ታላቁ ግን አኩርፏል። «እኔስ አንድ ብቻ ነው ያለኝ?»

ጉድ ፈላ። ቀስ በቀስ ልጁን አዙሮ አገላብጦ ሲያይ ቆየና ከግራ ጆሮው ጀርባ ምስር የምታክል ምልክት አገኘ። «ይቺውልህ፣ አንተንማ ማርያም ስማሃለች» አለው፤ ኩርፊያው በረደ።

«በል አሁን እንዴት ልቁረጥህ?» ሲል ታናሹን ጠየቀው።

«ከፊት ይቆይልኝ። ከኋላ ያሳጥሩልኝ፤ ሁለቱም እንዲታዩ።»

ቀስ በቀስ እናትየውን አያት። እሷም እየሳቀች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ታናሹ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ሊቆረጡ አይደለም፤ አናታቸውን ሊያዩ። ቀስ በቀስ የጀመረውን ራስ በግማሽ ትቶ አንድ በአንድ አሳያቸው። ወንበሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ፎጣ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ጥቂት ታገሡ፤ በኋላ ግን ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ የኔንም እይልኝ» አሉት።