የግራዝማች መኪና ሳል

ሥራ የጀመርሁት ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ በረዳት መካኒክነት ነው። ከትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ስለነበር የመጀመሪያውን ቀን ካኪ ሱሪዬን አስተኩሼ ሄድሁ። ዋና መካኒኩ ጋሽ ተስፉ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና "ለሥራ ነው ለሠርግ የመጣኸው?" አሉኝ። ከዚያ ብሎን የሚፈታበት አንድ ረጅም ካቻቢቴ አቀበሉኝ። ጫፉን ቆሞ በሚሠራ ገልባጭ መኪና ሞተር ላይ አስደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንድለጥፍ አዘዙኝ።

"ምን ይላል?"

"ይጮኻል።"

"መጮኹንማ መንገደኛውም ይሰማዋል። የትኛው ነው የሚጮኸው?"

አላውቅም አልሁ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልተሰጠኝም፤ ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍሁ ዋልሁ። ማታ ስወጣ ጋሽ ተስፉ "መጀመሪያ ስማ፣ ከዚያ ፍታ" አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ይህንኑ ሲሉ ኖሩ። እኛም ከኋላቸው ድምፃቸውን እያስመሰልን እንቀልድባቸው ነበር።

ከረዳትነት ወደ መካኒክነት፣ ከመካኒክነት ወደ ፎርማንነት አደግሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ሜዳ ላይ ነበር። ጉና ላይ ግሬደር ሲሰበር የምላከው እኔ ነኝ። እዚያ ጠዋት ጠዋት ብረቱ ከመቀዝቀዙ የተነሣ መፍቻው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዘይቱም አልፈስ ይላል። ከዚያ ብርድ ወጥቼ ቤቴ ስደርስ በር አንኳኩቼ አላውቅም። ባለቤቴ ውባለም ትከሻዬ ላይ ያለው የመፍቻ ቦርሳ ሲንኳኳ ከሩቅ ትሰማና መወርወሪያውን ትስበዋለች። "መጣ ደግሞ ቆርቆሮው" ትላለች።

ውባለም ያረፈችው እኔ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነው። ልጆቼ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ በበዓል ይደውላሉ። ቤቱ ሰፋኝ። ለቅሶ ደራሹ ሲመናመን ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ሲያልፍ እያዳመጥሁ "ይሄ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ያኛው ካንዴላው ቆሽሿል" ማለት ጀመርሁ። የሚሰማኝ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ብቸኝነቱ ጎዳኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ወይዘሮ ጥሩወርቅ "መካኒኩን ደሴን ጥሩልኝ" ብለው ያስጠሩኝ። ከከተማው በላይ አቀበቱ ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ትልቅ ሴት ናቸው። ባላቸው ግራዝማች ብሩ በንጉሡ ጊዜ በከተማው የቤት መኪና ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በደርግ መጀመሪያ "ለጥያቄ ይፈለጋሉ" ተብለው በእግራቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው የዘመዱን አፅም እየፈለገ አውጥቶ ቀበረ። የግራዝማች ግን አልተገኘም።

የግቢው በር ሁለት ተካፋች ያለው ትልቅ የብረት በር ነው። አንዱ ላይ ትንሽ የሰው መግቢያ አለችው። እሷ ብቻ ነበረች የምትከፈተው፤ የትልቁ በር ማጠፊያ ዝጎ ሣር በቅሎበታል።

ወደ በረቱ መሩኝ። መኪናዋ የገብስ ጭድ ተከምሮባት ነበር። ደርጎች እንዳይወስዷት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎማዎቿን አስወልቀው፣ ውራጅ አስመስለው ነው ያኖሯት። ጭዱን ገፍፌ አየኋት። አሥመራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጣት፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ስምንት ሲሊንደር ያላት ጉልበተኛ መኪና ናት። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

"እሜቴ፣ ኮፈኑን ላንሣው?" አልኋቸው። እኛ መካኒኮች የሞተሩን ክዳን ኮፈን ነው የምንለው።

ደነገጡ። "የምን ከፈን? ማን ተገነዘና?"

ምላሴን በቆረጠው አልሁ። እጃቸውን ይዤ ክዳኑን አስዳሰስኋቸውና ስሙን ነገርኋቸው። ትንሽ ዳሰሱትና "የሳቸውስ ከፈን ሳጥኔ ውስጥ ነው" አሉኝ። "የገዛሁላቸው አቡጀዲ እስከ ዛሬ እንደታጠፈ አለ። ሰዉ ቆብ ድፊ፣ መንኩሺ ይለኛል። ባሌ መሞታቸውን በዓይኔ ሳላይ፣ ሳልቀብር፣ እንዴት አድርጌ?"

ከዚያ የፈለጉኝን ነገሩኝ። "ደሴ፣ ዓይኔ ሄዷል። ጆሮዬ ግን አለ። አቀበቱን ስትወጣ ድምፅዋን አንድ ጊዜ ልስማ። ከሰማሁ በኋላ እሳቸውን ለእግዜር ሰጥቼ ቆቡን እደፋለሁ።"

እሺ አልሁ።

ትልቁ በር ስለማይከፈት በበረቱ ጀርባ አጥሩን ፈትቼ መልሼ አጠርሁት፤ መኪናዋንም ጎማ ገጥሜ በጭነት መኪና አስጎትቼ ግቢዬ አገባኋትና ቆርቆሮ ዘርግቼ ጥላ ሠራሁላት። ጎረቤቴ አያ ሞላ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ አያት። ልብስ ሰፊ ነው፤ የማያገባው ነገር የለም።

"ምን ትደክማለህ? የሚኒባስ ሞተር ክተትባትና ተገላገል።"

"አንተ የሰው ኮት ሲቀደድ ሌላ ሰው ቆርጠህ ትሰፋበታለህ?"

"ኧረ ተወኝ" ብሎ ሄደ።

ሞተሯ ከዝገት የተነሣ ደርቆ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁበትና ተውሁት። ጠዋት ጠዋት በረጅም መፍቻ ሞተሩን ከፊት ይዤ ለማዞር እሞክራለሁ፤ ንቅንቅ አትልም። በኃይል ብታገል ይሰበራል፤ ስለዚህ መፍቻውን አስቀምጬ እገባለሁ። እንዲህ ብዙ ሰነበትን። አንድ ጠዋት መፍቻው እጄ ላይ ሽርት አለ። ሞተሩ ዞረ! "ውባለም!" እያልሁ ወደ ቤት ሮጥሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። መድረኩ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ከቀብሯ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ሞተሩን አውርጄ በተንሁት። የፒስተን ፋሻው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ልኩ ጠፋ፤ ባሕር ዳር አንድ የቶርኖ ባለሙያ የሌላ መኪና ፋሻ በልክ አስተካክሎ ሰጠኝ። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብሁ። ራዲያተሩን በቆርቆሮ በየድሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱን አይጥ ጨርሶት ስለነበር ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ዘረጋሁ።

የጭስ ማውጫዋ፣ ማለት ማርሚታዋ፣ ሆዱ ላይ ተቀዶ ነበር። እሱን ጣልሁትና በላሜራ አዲስ ሠራሁ። ውስጡን ከፋፍዬ፣ ብየዳውን በሞረድ አለስልሼ ገጠምሁት። ሞተሯ ስትነሣ ያ ሁሉ ስምንት ሲሊንደር ለስለስ ብሎ "እምምም" አለ። አያ ሞላ እንኳ መቀሱን ጥሎ መጥቶ አጨበጨበ። በሙያዬ እንደዚያ ማርሚታ የኮራሁበት ሥራ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተላጭቼ፣ ኮት ለብሼ አቀበቱን ወጣሁ። በወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምሁ። ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም። ወርጄ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ደሴ ነኝ እሜቴ። ይዣት መጣሁ።"

"የታለች?"

"ይቺው በርዎ ላይ። እየሠራች ነው እኮ።"

በትንሿ በር ወጡ። ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ትሞቃለች" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይቺ የሳቸው አይደለችም።"

"እንዴት አይደለችም?"

"የሌላ መኪና ሞተር ከተህባታል። ምነው ደሴ? ዓይኔ ቢጠፋ ጆሮዬም የጠፋ መሰለህ?"

ሞተሩ ያው ራሱ መሆኑን በማርያም ማልሁላቸው። እሳቸው ግን ግድግዳውን እየዳሰሱ ተመልሰው ገቡ። ቁልቁለቱን በንዴት ወረድሁ። አያ ሞላ "ምን አሉ?" ቢለኝ በሩን ዘጋሁበት።

ብዙ ቀን መኪናዋን ሳልነካት ቆየሁ። ኩርፊያ ብቻውን ለሚኖር ሰው መጥፎ ነገር ነው፤ የሚያስታርቅ የለም። በመጨረሻ ካቻቢቴዬን አውጥቼ፣ ሞተሯን አስነሥቼ፣ አንድ በአንድ አዳመጥኋት። ምንም እንከን የላትም። የሰማኋት ሁሉ ልክ ነው። ያን ጊዜ የጋሽ ተስፉ "መጀመሪያ ስማ" ትዝ አለኝ። ሞተሯን ስሰማ ከርሜአለሁ። እሜቴን ግን ድምፅዋ እንዴት እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም።

በእግሬ ወጣሁ።

"እሜቴ፣ ድሮ ድምፅዋ እንዴት ነበር?"

"ታጓራለች። ማርሽ ሲቀየር ደግሞ ትስላለች" አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ኡህ፣ ኡህ" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። "ዓለም በር ከተማ አጠገብ፣ በዚያ በበጋ መንገድ ድንጋይ መትቷት ሆዷ ተቀደደ። ግራዝማች ላስበይዳት ቢሉ 'ተዉአት፣ ከሩቅ ልወቅዎት' ያልኋቸው እኔ ነኝ። አቀበቱ ሥር ስትስል እሰማና እነሣለሁ።"

ቁልቁለቱን ቸኩዬ ወረድሁ።

አሮጌውን ማርሚታ ከአጥሩ ሥር፣ ከውራጅ ብረቱ መካከል አገኘሁት። ሳማ በቅሎበታል። ዝገቱን ጠርጌ ቀዳዳውን እንዳለ ተውሁት። የተቀደደ ዕቃ መግጠም በዕድሜ ዘመኔ አድርጌው ስለማላውቅ እጄ እምቢ አለኝ፤ ብሎኑን አጥብቄ መልሼ ፈታሁት። ኋላ ግን ገጠምሁት። ያ የኮራሁበት አዲሱ ማርሚታ ዛሬም ጓዳዬ ውስጥ አለ።

በማግሥቱ አቀበቱ ሥር ደርሼ ማርሽ ስቀይር መኪናዋ ሳለች። ሕፃናት ከየቤቱ ወጡ። ውሾች ጮኹ። እንዲያ እያጓራችና እየሳለች ወጣን።

ጫፉ ላይ ስደርስ ትልቁ በር ተከፍቶ ነበር። ሁለቱም ተካፋች ተበርግዷል፤ መሬቱ ላይ ሣሩን የላጠበት መንገድ ይታያል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የአንዱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣ እያለከለኩ ቆመዋል። ያን የዛገ ብረት በምን ጉልበት እንደገፉት አላውቅም። ገብቼ ቆምሁ። እንዳይደነግጡ ብዬ "እሜቴ፣ ደሴ ነኝ" አልሁ።

"አውቃለሁ" አሉ። "አንተ እንደሆንህ አውቃለሁ። በር መክፈቱ ግን የኔ ሥራ ነበር።"

ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ጥቂት ሰሟት። ከዚያ "በቃ፣ አጥፋት" አሉኝ። አጠፋኋት። በሩን ግን ራሳቸው ዘጉት።

በዚያው ዓመት ጣራ ገዳም ሄደው ቆባቸውን ደፉ። አሁን እማሆይ ነው የምላቸው። ያ ሳጥን ውስጥ የነበረው አቡጀዲ ዘመድ ለሌለው ሟች ተሰጠ።

ያን ቀን መኪናዋን እሳቸው ዘንድ ትቼ የመፍቻ ቦርሳዬን ተሸክሜ በእግሬ ወረድሁ። ቦርሳው እንደ ልማዱ እየተንኳኳ ነበር። በሬ ጋ ስደርስ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ ቁልፌን አውጥቼ ከፈትሁና ገባሁ።

ለሙያው ልጆች የምላችሁ ይህን ነው። የሰው መኪና ስታድሱ ጉድለቱን ከማቃናታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነበር የሠራሁት።