የዳኜ እፍኝ ጨው

ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው ሎጅ ዳኜ የመዋኛው ኃላፊ ነው። በዚያ ብርድ ማን አብዶ ይዋኛል አትበሉ፤ የአዲስ አበባ እንግዳ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ይገባል። ውሃውን የሚያጸዳው ከጨው ክሎሪን የሚያወጣ ማሽን ነው። ይኸው ማሽን ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጨው አነሰ» እያለ ቀይ መብራቱን ያበራል። ዳኜ ጨመረ፤ አነሰ አለ። ስድስተኛውን ጆንያ ገለበጠ፤ አሁንም አነሰ።

ጣቱን ነክሮ ቢቀምሰው ፊቱን አኮማተረው።

«እትዬ፣ እስቲ ይቅመሱት» አላቸው የሎጁን ባለቤት፣ ወይዘሮ ሸዋረጋን።

እሳቸው ግን ከሰው ምላስ ማሽን ያምናሉ። «ስንት በግ አለህ?»

«አሥራ አራት።»

«በል እንግዲህ! ጨዉን ማን እንደላሰው ታወቀ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ እሑድ ሚካኤል ደጃፍ ቆመህ ‹ጨዉን አልነካሁም› ብለህ ማል። ካልማልክ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ።»

ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። ችግሩ፣ ዳኜ አንድ እፍኝ ወስዷል። ወልዳ የደከመች በጉ መኖ አልበላ ስትለው በኪሱ ይዞላት ሄዷል። ስድስት ጆንያ አልሰረቀም፤ «አልነካሁም» ብሎ በሚካኤል ፊት መማልም አይችልም። ቢምል ነፍሱ፣ ባይምል እንጀራው።

ማሽኑን የገጠመው ባለሙያ በስልክ «ጨው ጨምር» ከማለት በቀር መላ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ዳኜ ራሱ የማሽኑን ሆድ ፈታው። ውስጥ ያሉት ብረቶች ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል፤ የወጥ ቤቱ ሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ዓይነት። ማንቆርቆሪያውን የሚያጸዱት በአቼቶ ነው። ብረቶቹንም በአቼቶ ዘፈዘፋቸው፤ ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ ለቀቀ። መልሶ ገጠመና ወይዘሮ ሸዋረጋን ጠራቸው።

ማሽኑ «ጨው በዛ» አለ።

«አፈር በበላሁ! ለካ ሁሉም እዚሁ ውሃ ውስጥ ነው። ይቅር በለኝ ዳኜ፣ መሐላው ይቅር። እንዳንተ ያለ ታማኝ ከየት አገኛለሁ?» ብለው የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ሰጡት።

«አንዲት እፍኝ...» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ቁልፉን ከማተቡ ጋር አሰረው።

ቤቱ ሲደርስ ያቺው በግ እየሮጠች መጥታ መዳፉን ትልሰው ጀመር። ዳኜ እጁን ሰበሰበ።

«ሂጂ ወዲያ!» አላት። አልሄደችም።