በማሽላ ማማ አምሳል የተሠሩት የእንግዳ ቤቶች

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ድሮ ከባለቤቴ ጋር ከሠራሁበት የዱር እንስሳት ፓርክ ሁለት ሰዎች ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥተው በሬን አንኳኩ፤ አንዲት ወጣት ሴትና ሾፌሯ። ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነበርና ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ልጅቱ የያዘችው ግን ወረቀት ነው። በፓርኩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የእንግዳ ማረፊያዎች ታሪክ በሰሌዳ ሊጻፍ ነው፤ እዚያ ከሠሩት ሰዎች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንዳየው ፈልጋ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ እኔ የእንግዶቹን አልጋ አነጥፍ ነበር፤ ባለቤቴ አናጢ ነበር።

ማንጎ ቆርጬ አቀረብኩላቸውና ማንበብ ጀመርኩ። አጭር ነው፣ ጥሩም ተጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። «በእንጨት እግር ላይ የቆሙትን ቤቶች ያሰቡትና የነደፉት ከውጭ የመጡ ባለሙያ ናቸው» ይላል።

«ይሄ ልክ አይደለም» አልኳት። «ያሰባቸው ባለቤቴ ነው።»

«እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ንድፉ ላይ ያለው የባለሙያው ፊርማ ነው። ሌላ የተጻፈ ነገር ከሌለ አለቆቼ አይቀበሉኝም።»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ የነበረው ድንኳን ነው። ከዚያ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። የሠሩት ከደጋ የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያውቁት የጣርማ በርን ብርድ ነውና መስኮቱን አጥብበው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መረጉት። ያውም ቆላ ውስጥ። ጠዋት አንሶላ ልቀይር ስገባ አልጋው የለም። እንግዶቹ ራሳቸው ደጅ አውጥተውት ግራር ሥር ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ጊንጥ የነደፈውም ነበር።

ባለቤቴ የቀወት ገበሬ ልጅ ነው። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ መጠበቅ ያውቃል። አንድ ቀን ለፓርኩ ኃላፊ ቤቶቹ እንደ ማማ ይሠሩ አላቸው። ወለሉ ከምድር በሰው ቁመት ያህል ከፍ ይበል፣ ግድግዳው ሰሌን፣ ክዳኑ ሣር ይሁን፣ ነፋሱም ከሥርና ከጎን ይግባ።

ኃላፊው ሳቁበት። «ባሕር ተሻግሮ የመጣን እንግዳ ማሽላ ጠባቂ ልታደርገው ነው?»

«ጌታዬ፣ ማማ ላይ የወጣ ሰው ችግሩ እንቅልፍ ማጣት አይደለም» አላቸው። «ዝንጀሮ ማሽላችንን የሚጨርሰው ለምን ይመስልዎታል?»

አንድ ብቻ እንዲሠራ ፈቀዱለት። ከምሳ በኋላ ልሞክረው ብለው ራሳቸው ወጡ፤ የወረዱት ለራት ነው። ከዚያ ሌሎቹ ተሠሩ። ባለሙያው የመጡት ቤቶቹ ከቆሙ በኋላ ነው። ለኳቸው፣ በወረቀት ነደፏቸው፣ ለወባ ትንኝ መረብ ጨመሩባቸው። መረቡ የእሳቸው ነው፤ መልካም ሐሳብ ነበር፤ እሱን አልነሳቸውም።

ልጅቱ ሁሉንም ጻፈች። እኔ ግን የምትጽፈው የእኔን ቃል ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል። ሣጥኔ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ማውጣት ነው የከበደኝ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ በገቡ በማግስቱ፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ የዝንጀሮና የከርከሮ መንጋ ወደ ቤቶቹ ተጠጋ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ደግነው ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ባለቤቴ ክዳን ሊያስተካክል ጫፍ ላይ ያለው ባዶ ማማ ላይ ወጥቶ ነበር። ከማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮ ያየ የቀወት ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ከወገቡ ወንጭፉን ፈትቶ እየጮኸ ድንጋይ ያወርድባቸው ጀመር። የአገሩ ልጆች የሆኑት ሠራተኞችም ካሉበት ሆነው በጩኸት ተቀበሉት። ለሦስት ቀን አንድ እንስሳ በአካባቢው አልታየም።

«እነዚህ ሰዎች የመጡት ምን ሊያዩ ይመስልሃል?» አሉት ኃላፊው።

«እንግዳው እንዳይነካ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ሊነካው? ከርከሮ?»

እኔ አንሶላ ታቅፌ ስስቅ አየኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈበት። ኩሩ ሰው ስለነበር ያ ቀን ዕድሜ ልካችንን በቤታችን እንዳይነሳ አደረገ። ደብዳቤውን አቃጥዪው አለኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ማቃጠል ፈርቼ እሺ አልኩና ሸሸግኩት።

ደብዳቤው እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ራስህ አስበህ በሠራኸው የእንግዳ ማማ ላይ ወጥተህ፣ እንግዶች ሊያዩ የመጡትን የዱር እንስሳ በወንጭፍ በማባረርህ።» ቤቶቹ የእሱ ሐሳብ መሆናቸውን የሚናገር ሌላ ወረቀት የለም። ካወጣሁት ያፈረበትን ነገር ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ካላወጣሁት ሥራው የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል።

በለቅሶው ጊዜ ሁሉም ስለ ደግነቱ ነገረኝ። እውነት ነው፣ ደግ ነበር። ግን ስለ ማንም ደግ ሰው ሊባል የሚችል ነገር ነበርና ስሰማው እሱን አላገኘሁትም። እዚያ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚጮኸው ሰውዬ ግን ራሱ ነው። ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ።

ልጅቱ ጮክ ብላ ስታነብ ሾፌሩ ሳቅ አመለጠው። «ይቅርታ፣ እማማ» አለ።

«ሳቅ፤ እኔም ስቄያለሁ።»

«ወንጭፉንም እንጻፈው?» አለች እሷ።

«ሙሉውን ጻፊው። ግማሹን ብትቆርጪው ሰርቆ የተቀጣ ይመስላል። መረቡም የባለሙያው መሆኑን እንዳትረሺ።»

በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ዋናውን እኔ ጋ አስቀረሁ። ትናንት ደውላ አለቆቿ ጽሑፉን እንዳስተካከሉት ነገረችኝ። ባለቤቴ ቢኖር ሁለት ቀን ያኮርፈኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የስሜ ፊደል በትክክል መጻፉን ልይ ብሎ ወደ ፓርኩ የሚሄድ መኪና ያፈላልግ ነበር።