የእማዬ የድምፅ ማሟሟቂያ

አፍ ተዘግቶ የሚወጣው ያ «ምምም» የሚል ድምፅ በሰማሁት ቁጥር ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። ጀማሪ ድምፃውያንን ማስተማር እንጀራዬ ስለሆነ ደግሞ ሳልሰማው የምውልበት ቀን የለም። ያኔ ድምፁ የሚመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነበር፤ እማዬ ማልዳ ተነሥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ ጭና አፏን ሳትከፍት ታንጎራጉር ነበር። ያን ስትጨርስ ከንፈሯን እያርገፈገፈች፣ ልጆች መኪና መኪና ሲጫወቱ እንደሚያደርጉት «ብርርር» ትል ነበር፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሚኪ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍነን ሆዳችንን ይዘን እንስቅባት ነበር።

እማዬ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አስተማሪ ነበረች። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ስትጮህ ኖራ አንድ ጊዜ ድምጿ ጭልጥ ብሎ ስለጠፋ፣ ይህን ማሟሟቂያ ያስተማራት ሐኪም ነበር። እኛ ግን የአስተማሪ ዓመል ነበር የሚመስለን።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ክረምት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን ውስጥ ገብቼ ለጥምቀት ከታቦቱ ፊት መዘመር። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ዘዴውን ያውቁት ነበር። ካልደፈረሰ አይጠራም ይባል የለ፣ ድምፅም እንደዚያው ነው ብለው አሳመኑኝ። ስለዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ከዝናቡ በላይ እየጮህኩ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጥሬ እንቁላል እየዋጥኩ፣ ዝንጅብል እያኘክሁ ከረምኩ። ድምፄ በሻከረ ቁጥር ሊጠራ የተቃረበ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሚኪ እንቁላሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ተፈልፍሎ በመዝሙሩ መሃል ጫጩት እንደሚጮህ ይነግረኝ ነበር።

መስከረም ላይ ተፈተንኩ። መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰንጥቆ ጭራሽ ጠፋ። መዘምራኑን የምታስጠናው ልጅ ደግ ነበረች፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሌላ ፈተና እንዳለ፣ ያኔም ካልሆነልኝ ግን ለከርሞ መጠበቅ እንደሚኖርብኝ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እማዬ አላባበለችኝም። ክረምቱን ሙሉ የሠራሁትን አንድ በአንድ ካናዘዘችኝ በኋላ፣ እንቁላሉን ለቁርስ እንድተወው ነገረችኝ።

«ነገ ከእኔ ጋር ትነሻለሽ» አለችኝ። «እኔ እስክፈቅድልሽ መዝሙር የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

መዝሙር ሳይዘምሩ ዘማሪ መሆን እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም ነበር፤ ግን እልህ ይዞኝ ነበርና እሺ አልኩ። በጥቅምት ብርድ በዚያች ጠባብ መታጠቢያ ቤት ትከሻ ለትከሻ ቆመን፣ ትንፋሼን ወደ ሆዴ ስቤ በጥርሴ መሃል ቀስ እያልኩ ስለቀው፣ አፌን ዘግቼ ሳንጎራጉር፣ እንደ እሷ ከንፈሬን ሳርገፈግፍ እንቆይ ነበር። ማታም ይደገማል። መገናኛ ለታክሲ ተሰልፋ፣ ደክማ ገብታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ነይ» ትለኝ ነበር። እያንዳንዱን ድምፅ መጀመሪያ እሷ ታወጣዋለች፣ ከዚያ እኔ እከተላለሁ፤ ካላማረልኝ ደግማ፣ ሰልሳ ታወጣዋለች። አንድ ቀን ስትሮ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ በስትሮው እያንጎራጎርን ውሃውን ስናንተከትክ፣ ከታችን የሚኖሩት ጋሽ ሽፈራው ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው በራችንን አንኳኩ።

ኅዳር ሲያልቅ ከታችኛው ድምፅ ተነሥቼ ድምፄ ሳይሰነጠቅ ወደ ላይኛው መውጣት ቻልኩ፤ መዝሙሩም ተፈቀደልኝ። የእማዬ ድምፅ ግን መሻከር ጀምሮ ነበር። ጉንፋን ነው ትለን ነበር፤ እኛም ጉንፋን ነው ብለን ተውነው። የፈተናው ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው ልትጀምርልኝ አፏን ስትከፍት ምንም አልወጣም። ደንግጬ ዛሬስ ይቅርብን ስላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ እጇ ዝቅ ሲል ዝቅ፣ ከፍ ሲል ከፍ እያልኩ ሁሉንም ጨረስን። የራሴን ድምፅ ብቻውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነበር፣ እውነት ለመናገር ወደድኩት።

አለፍኩ። ለጥምቀት ነጭ ለብሼ ስዘምር እማዬ ሕዝቡ መሃል ቆማ፣ እልል ማለት ስላልቻለች እጇ እስኪቀላ ታጨበጭብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍል አልተመለሰችም። ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደባት፣ ድምጿም የድሮው ድምፅ ሳይሆን ቀረ።

ሐኪሙ ያን ዓመት ከጠዋቷ ማሟሟቂያ በቀር ቤት ውስጥ ድምፅ እንዳታወጣ፣ ማታ ማታ ዝም ብላ እንድታርፍ አጥብቆ ነግሯት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ የድሮ የሕክምና ወረቀቶቿን አብረን ስናስተካክል ነው። ወረቀቱን ይዤ አለቀስኩ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ብነግርሽ ታቆሚ ነበር» አለችኝ በዚያ በሻከረ ድምጿ፣ ወረቀቱንም ከእጄ ወስዳ አጠፈችው።

ዛሬ እኔ ኪቦርድ አለኝ፣ ድምፅ የማያስወጣ የራሴ ክፍል አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘፈን ስከለክላቸው ተማሪዎቼ ያጉረመርማሉ፤ እኔም እንደ እማዬ አልሰማቸውም። በዚህ በኩል እሷን ወጥቻለሁ ብዬ እጽናናለሁ። ጉሮሮዬን ትንሽ ከከረከረኝ ግን ለሁሉም ደውዬ ትምህርቱን ለሌላ ቀን አዛውራለሁ፤ እማዬ በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ አንድም ማታ «ለነገ» አላለችኝም።